ስለ በጌምድር ገዥነትና ስለ ፎገራ ሜዳ

ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለቱ ወንዞች ወደ ጣና ባሕር ከመግባታቸው አስቀድሞ በባሕሩ ምሥራቅ የተዘረጋውን ሰፊ ሜዳ ያጠጡታል። ሜዳው ፎገራ ይባላል። በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሲፈሱ ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲጐድል ደለሉን ትቶለት ይሄዳልና በጥቢ ሣሩ ይለመልማል። ስለዚህም ፎገራ ከጥንት ጀምሮ የከብት አገር ነው፤ በወተቷ የተመሰገነችው ቡሬ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሜዳ ነው። የወረታ ከተማ የተቈረቈረችው በዚህ ሜዳ ላይ ሲሆን፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚሻገረው መንገድ የሚለያዩት በእርስዋ ዘንድ ነው። ከወረታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ የወጣ ሰው ደብረ ታቦር ይደርሳል። ወረታ ያለችው በ1,800 ሜትር ከፍታ ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር ግን በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በጌምድርን የገዙት ታላላቅ ሰዎች ብዙዎቹ የተቀመጡት በዚያ ብርዳም ደጋ ነበረ፤ ምግባቸው ግን ከታች ከሜዳው ይወጣ ነበረ።

የአንድ አገር ገዥነት ታሪክ ሲጻፍ እገሌ ከእገሌ ቀጥሎ ተሾመ፥ እገሌ በዚህ ዓመት ተሻረ እየተባለ የሰው ስም ይቈጠራል። ይህ ቈጠራ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ከቀረ ሹመቱ ምን እንደ ነበረ፥ ማንንስ ያስከፍል እንደ ነበረ አይገልጽም። የበጌምድር ሹመት ደግሞ ከሌላው አገር ሹመት የከበደ ነበረ። ስሙን ሕዝቡ «በግ ምድር» ሲል ይፈታዋል፤ እውነተኛው ትርጓሜ ምንም ይሁን ምን፥ የሀብታም አገር ስም መሆኑን ባላገር ሁሉ ያምንበታል። ከጎንደር ቤተ መንግሥት ደጃፍ ጀምሮ እስከ ላስታና እስከ ወሎ ወሰን የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ይህን አገር የያዘ ሰው የንጉሡን ጎተራና የንጉሡን በር አንድ ላይ ይዟል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ለገዥ ደመወዝ አይቈረጥለትም፤ የተሾመበት አገር ራሱ ደመወዙ ነበረ። ነጋሪት ተጐስሞ፥ ዐዋጅ ተነግሮ፥ ለምድ ለብሶ የተሾመ ሰው ሦስት ሥራ በአንድ እጅ ይይዛል፤ ግብር ይሰበስባል፥ ይፈርዳል፥ ጦር ይመራል። ፍርዱ ለግብሩ፥ ግብሩም ለጦሩ ያገለግላል። ወታደሩ በየገበሬው ቤት ይመራና እህል፥ ማር፥ ቅቤ፥ በሬ እየተሰጠው ይከርማል። ሹመቱ መቼ እንደሚያልቅ ሹሙ አያውቅም፤ ስለዚህ ያገኘውን ፈጥኖ መሰብሰብ እንደ ብልህነት ይቈጠርለት ነበረ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ምሳሌ ለቀልድ የተነገረ አይደለም፤ የዚያን ዘመን የአስተዳደር ሕግ በአጭሩ የሚናገር ነው። ይህን ምሳሌ ያወጣው ሹሙ ይሁን ገበሬው ለማወቅ ያስቸግራል፤ ሁለቱም ሊሉት ይችላሉና።

ነገሥታቱ ወደዚህ አገር የቀረቡት ከጎንደር መቈርቈር አስቀድሞ ነው። በ16ኛው ምእት ዓመት ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ፥ ጉዛራ በተባለው ስፍራ፥ ጣናንና ሜዳውን ቍልቍል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ግንብ ሠሩ። ግንቡ ዛሬም ፍርስራሹ ቆሞ ይታያል። ጎንደር ከተቈረቈረች በኋላ ግን ንጉሡ በጎንደር፥ ገዥው በበጌምድር ሆኑና በሁለቱ መካከል ያለው ገመድ አንዳንድ ጊዜ ይጠብቅ፥ አንዳንድ ጊዜ ይላላ ጀመረ።

ገመዱ የተበጠሰው በዐፄ ኢዮአስ ዘመን ነው። በጌምድርን ከአባቱ ከደጃዝማች አዮ ቀጥሎ የያዘው ደጃዝማች ማርያም ባርያው ነበረ፤ የእቴጌ ምንትዋብን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገባ፥ ባገሩም ሰው የተወደደ መስፍን ነው። ዐፄ ኢዮአስ ግን በእናታቸው በኩል አጎታቸው የሚሆነውን ብርሌን በበጌምድር ሊሾሙ ፈቀዱ። ንጉሥ መሾምና መሻር የእርሱ ነው፤ ይህን የሚክድ አልነበረም። ማርያም ባርያው ደግሞ አባቴ በጠበቀው፥ እኔም በደሜ ባቆየሁት አገር ላይ ሌላ ሰው እንዴት ይገባል የሚል ክርክር ነበረው። ብርሌ ጦር ይዞ ሲመጣ በነፋስ መውጫ ተገናኙና ብርሌ ወደቀ። ከዚህ በኋላ ንጉሡ ከትግሬ ራስ ሚካኤል ስሑልን ጠሩ። ራስ ሚካኤል መጥተው ማርያም ባርያውን ድል አደረጉት፤ እርሱም ወደ ወሎ ቢሸሽ ተላልፎ ተሰጠና የብርሌ ወንድም ሉቦ የወንድሙን ደም ተበቀለበት። በዚያ ወራት ግድም ወደ ኢትዮጵያ የገባውና በእንፍራዝም የተቀመጠው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን ታሪክ ከቤተ መንግሥት ሰዎች ሰምቶ በሰፊው ጽፎታል። ወይዘሮ አስቴር ባልዋን ያሸነፉትን ራስ ሚካኤልን በኋላ አገባች፤ በዘመኑ ልማድ ደም የሚታረቀው በጋብቻ ነበረና።

ዐፄ ኢዮአስ ግን የጠሩትን ረዳት መልሰው ሊሰዱት አልቻሉም። በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ሞቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች ዘመነ መሳፍንትን የሚቈጥሩት ከዚህ ዓመት ጀምረው ነው። እንግዲህ ነገሩን ወደ ኋላ ተከትሎ የሚመረምር ሰው፥ ከ80 ዓመት በላይ ኢትዮጵያን የከፋፈለው ዘመን ያቈጠቈጠው በበጌምድር በተደረገ በአንድ ሹም ሽር መሆኑን ያገኘዋል። ለሹመት የተደረገ ጠብ መሆኑ ነገሩን አያሳንሰውም። ሹመቱ የንጉሥ ስጦታ ነው ወይስ የባላባት ርስት ነው የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ በሕግ ሳይሆን በጦር ተጠየቀ፤ መልስም አላገኘም።

ራስ ሚካኤልን ያወረዳቸውም የበጌምድር ገዥ ነው። ወንድ በወሰን የተባለው የዚያ አገር ሹም ከጎጃሙና ከላስታው መኳንንት ጋራ ተባብሮ በ1763 ዓ.ም. ግንቦት በሰርባኩሳ ከተዋጋቸው በኋላ ሽማግሌውን ራስ ማርኮ ወደ በጌምድር ወሰዳቸው። ትናንት በጌምድርን በንጉሥ ስም የቀጡት ሰው ዛሬ የበጌምድር እስረኛ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የየጁ መሳፍንት ለጥያቄው የራሳቸውን መልስ አበጁለት፤ የበጌምድር ገዥ የንጉሡ ሹም መሆኑ ቀርቶ ንጉሡ የበጌምድር ገዥ ጡረተኛ ሆነ። ታላቁ ራስ ዐሊ ይህን ሥርዓት ጀመሩት፤ ራስ ጉግሣ መርሶ አጸኑት። ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን ቈርቍረው ከ18ኛው ምእት ዓመት ፍጻሜ ጀምሮ እስከ ሞቱበት እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ 25 ዓመት ያህል ገዙ። ነገሥታቱ በጎንደር ይነግሣሉ፥ ይወርዳሉ፤ ራሱ ግን በደብረ ታቦር አይነቀነቁም። ሴቶች ልጆቻቸውን ለየአገሩ መስፍን እየዳሩ፥ የባላባቱን ኃይል በሌላ በኩል እያደከሙ፥ ሹመታቸውን ወደ ቤተ ሰብ ርስት ለወጡት። ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ራስ ይማም፥ ቀጥሎም ራስ ማርዬ ያዙ፤ ራስ ማርዬ በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋራ ሲዋጉ ሞቱ። ራስ ዶሪ ጥቂት ወራት ብቻ ቆዩ። ከዚያም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ የነበሩት ልጅ፥ ራስ ዐሊ ዐሉላ፥ በእናታቸው በእቴጌ መነንና በዘመዶቻቸው ሞግዚትነት ተሾሙ።

አንድ ሰው 25 ዓመት፥ ሌላው ጥቂት ወራት፥ ሌላው በልጅነት! የሹመቱን ዕድሜ የሚወስን ሕግ ስላልነበረ የሚወስነው ጦርና ሞት ብቻ ነበረ። ይህ ችግር ግን የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ክፍል የምትገኘው ሜክሲኮ ፖርፊሪዮ ዲያስ የተባሉት ሹም ከ30 ዓመት በላይ ከያዝዋት በኋላ ታላቅ ሁከት ተነሣባት። ሁከቱም በ1917 በፈረንጆች አቈጣጠር ሕገ መንግሥት ወለደ። በዚያ ሕግና በኋላ በተደረገለት ማሻሻያ መሠረት የአንድ ክፍለ ሀገር ገዥ በሕዝብ ይመረጣል፤ ከ6 ዓመት በላይ አይቀመጥም፤ አንድ ጊዜ ተመርጦ የገዛ ሰውም ወደዚያ ወንበር ዳግመኛ አይመለስም። የሜክሲኮ ሰዎች በዚህ ሕግ ሁሉን ክፋት አላስወገዱም፤ ነገር ግን ገዥ የሚወርድበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ሆነ። በደብረ ታቦር ይህ ቀን የሚታወቀው አቧራ ሲነሣ ብቻ ነበረ።

አቧራው በ1834 ዓ.ም. ተነሣ። የስሜንና የትግሬ ገዥ ደጃዝማች ውቤ፥ ከግብፅ አዲስ የመጡትን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ይዘው፥ የራስ ዐሊን ሹመት ሊወስዱ ወደ ደብረ ታቦር ዘመቱ። ራስ ዐሊ ድል ሆነው ሸሹ። ደጃዝማች ውቤ ግን በድሉ ቀን በድንኳናቸው ተቀምጠው ግብር ሲያገቡ፥ የራስ ዐሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ከነጳጳሱ ማረካቸው። ያሸነፈው ታሰረ፤ የተሸነፈው ሹመቱን መልሶ ያዘ። በኋላ ራስ ዐሊ ካሳ ተቀብለው ውቤን ለቀቁአቸው፥ ሁሉም ወደየአገሩ ተመለሰ። ከዚህ ጦርነት ምን ተለወጠ ብሎ ለሚጠይቅ በመኳንንቱ ዘንድ ምንም አልተለወጠም ነው መልሱ። ሁለቱን ሠራዊት የቀለበ ባላገር ግን ያን ዓመት ሌላ ቍጥር ይቈጥር እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ራስ ዐሊ ያሳደጉትና ልጃቸውን የዳሩለት የቋራው ካሳ ኃይሉ በመጨረሻ በሰኔ 1845 ዓ.ም. በአይሻል ድል አደረጓቸው፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደጃዝማች ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አዲሱ ንጉሥ የመሳፍንቱን ሹመት ለመስበር ቈርጠው ተነሡ። ወታደር ባላገሩን እንዳይዘርፍ በዐዋጅ ከለከሉ፥ በምሪት ፋንታ ደመወዝ ሊሰጡትም ሞከሩ። ከነገሥታቱ መካከል የበሽታውን ሥር ያገኙት እርሳቸው ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ደመወዙ የሚመጣበት ገንዘብ አልነበረም። ዐመፅ ከየአቅጣጫው ሲከባቸው ግዛታቸው እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻዎቹ ዓመታት በእጃቸው የቀረው ደብረ ታቦርና መቅደላ ነበረ። በ1858 ዓ.ም. ሰኔ ገደማ ከፎገራ በስተ ደቡብ ባለችው በባሕሩ ዳር ከተማ በቆራጣ ሰፍረው ሳሉ በሠራዊታቸው መካከል ኮሌራ ገባ፤ ወደ ደጋውም ወጡ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ፈረንጆቹ ሠራተኞች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አቀለጡላቸው። በዚያው ወራት የበጌምድር ገበሬ ሸፈተ፤ ንጉሡም ወታደሩን ያበላ ዘንድ አገሩን አስዘረፉት። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እያስጐተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ዝርፊያን በዐዋጅ የከለከለ ንጉሥ በዝርፊያ መኖሩ የዚያ ዘመን እጅግ አሳዛኝ ነገር ነው።

ዐፄ ዮሐንስም ደብረ ታቦርን ወደዱት፤ በጥቅምት 1872 ዓ.ም. የግብፅ መልእክተኛ ሆኖ የመጣውን ጄነራል ጎርዶንን የተቀበሉት በዚያ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ግድም የጀመረው የከብት ዕልቂት፥ ሕዝቡ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው፥ ከኢትዮጵያ ከብት አብዛኛውን ፈጀው። ሀብቱ ከብት ብቻ ለሆነ ሜዳ ይህ መቅሠፍት ከማንኛውም ሹም የከፋ ነበረ።

ከብዙዎቹ የበጌምድር ገዥዎች መካከል ታሪካቸው እጅግ ልብ የሚነካው የራስ ጉግሣ ወሌ ነው። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ናቸው፤ የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱን አገቡ። መጽሐፍ የሚወዱ፥ ከሊቃውንት ጋራ መዋል ደስ የሚያሰኛቸው ሰው ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲርቁ እርሳቸውም ከበጌምድር ሹመታቸው ተነሡ፥ ለእስራትም ተዳረጉ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ መኳንንቱ ባልና ሚስቱን ለዩአቸው፤ የንግሥቲቱ ባል በቤተ መንግሥት ከተቀመጠ ሥልጣን ሁሉ ወደ እርሱ ይሄዳል ብለው ፈርተዋልና። በኋላ ራስ ጉግሣ በጌምድርን ዳግመኛ አገኙ። ሹመቱ ለሌላው ክብር ነበረ፤ ለእርሳቸው ግን የተለዩአት ሚስት ዋጋ ይመስል ነበረ።

ደጃዝማች ተፈሪ አልጋ ወራሽ፥ ቀጥሎም በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ሲባሉ ራስ ጉግሣ ልባቸው አልረጋም። አዲስ አበባ ሥልጣንን ወደ አንድ ማዕከል ስትሰበስብ፥ ደብረ ታቦር ደግሞ የራስ ዐሊን ዘመን ታስታውሳለች። በ1922 ዓ.ም. ጦር ሰብስበው ተነሡ። ንግሥት ዘውዲቱ እንዳይዋጉ ቢለምኑም አልተመለሱም። የጦር ሚኒስትሩ ደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ዘመቱባቸው። ያን ጊዜ ለኢትዮጵያ እንግዳ የሆነ ነገር ታየ፤ አውሮፕላን በሠራዊቱ ራስ ላይ እየበረረ ወረቀት በተነ። ወረቀቱ ከራስ ጉግሣ ጋራ የሚሰለፈውን ሁሉ በአቡነ ቄርሎስና በኤጲስ ቆጶሳቱ ስም የሚያወግዝ ነበረ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በበጌምድርና በወሎ ወሰን አቅራቢያ፥ በአንቺም፥ ጦርነት ሆነ፤ ከሰማይ ቦምብ ወረደ፥ ራስ ጉግሣም በጦርነቱ ላይ ወደቁ። በሁለተኛው ቀን፥ መጋቢት 24፥ ንግሥት ዘውዲቱ በአዲስ አበባ ዐረፉ። ግዝቱ ከአውሮፕላን መውረዱ የዘመኑን መለወጥ ከጥይቱ ይልቅ ይገልጻል፤ ዱሮ ነጋሪት ይናገረው የነበረውን ቃል ያን ቀን ሞተር ተናገረው።

በጌምድር ለልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ተሰጠና ልጃቸው ደጃዝማች ወንድወሰን አስተዳደሩት። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ጎንደርንና ደብረ ታቦርን ሲይዝ ደጃዝማች ወንድወሰን ወደ ላስታ ሄደው ተዋጉ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። በዚያው ወር ወንድሞቻቸው አበራና አስፋ ወሰን በፍቼ ተገደሉ። ኢጣልያ መቀመጫውን በጎንደር አድርጎ አምስት ዓመት በገዥ ስም ሲቀመጥ፥ የመጨረሻው ጦሩ እጁን የሰጠው በዚያችው በጎንደር በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው።

በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር ግዛት አስተዳደር ድንጋጌ ዐፄ ቴዎድሮስ ያልቻሉትን ነገር በጽሑፍ አደረገው። ገዥው ንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙት ደመወዝተኛ ሆነ፤ ግብር ወደ ገንዘብ ሚኒስቴር፥ ጦር ወደ ጦር ሚኒስቴር ተለየ፤ ጠቅላይ ግዛቱ በአውራጃና በወረዳ ተከፈለ። የበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጎንደር ስትሆን ደብረ ታቦር የአውራጃ ከተማ ሆነ። ከዚህ በኋላ የገዥዎቹ ስም ቢቈጠር የቢሮ ታሪክ ይሆናል። በ1950ዎቹ ከያዙት አንዱ ኮሎኔል ታምራት ይገዙ ነበሩ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ካስገደላቸው ባለሥልጣኖች ጋራ ሞቱ። እንግዲህ ድንጋጌው የገዥውን ደመወዝ ቢወስንም አሟሟቱን ሊወስንለት አልቻለም።

ደርግ የበጌምድርን ስም አንሥቶ አገሩን የጎንደር ክፍለ ሀገር አለው። በ1980 ዓ.ም. ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተከፈለ፤ ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በኋላም ደቡብ ጎንደር በአማራ ክልል ውስጥ ዞን፥ ደብረ ታቦርም የዞኑ ከተማ ሆነ። የክልሉ ርእሰ መስተዳድር በምክር ቤት ተመርጦ በባሕር ዳር ይቀመጣል። ደጃዝማች ማርያም ባርያውና ዐፄ ኢዮአስ የተጣሉበት ስም ዛሬ የክፍለ ሀገር ስም አይደለም፤ በሽማግሌዎች አፍና በድሮ መጻሕፍት ግን ይኖራል።

ሜዳው ግን አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሩዝ ወደ ፎገራ አመጡ፤ ጂግናና ሻጋ በተባሉት የገበሬ ማኅበራት ተዘራ፥ ከዘሮቹም አንዱ ኤክስ ጂግና ተባለ። ክረምት ሲገባ የሚተኛው ውሃ፥ ዱሮ ለጤፍ ጠላት የነበረው፥ ለሩዝ ወዳጅ ሆነለት። በወረታ መንገድ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ቆመዋል፤ የጭነት መኪናዎችም ከረጢቱን ጭነው ወደ ጎንደር፥ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ታቦር ይወጣሉ። ቡሬዋ የፎገራ ላም ግን ግጦሽዋ ወደ ሩዝ ማሳ እየተለወጠ ስለ ሄደ ቍጥሯ እያነሰ ነው።